በዋሽንግተን ዲሲ የእስያ ፊልሞችንና የባህል ዝግጅቶችን አቅዶ ለመከታተል የሚረዳ መመሪያ

ዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ ያሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ከተሞች ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሚኖሩባቸው የአሜሪካ አካባቢዎች ግንባር ቀደሞቹ ናቸው። በእነዚሁ ከተሞች የቬትናም፣ የኮሪያ፣ የቻይና፣ የሕንድና የኢራን ተወላጆች ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ልጆቻችን ከልጆቻቸው ጋር ይማራሉ፣ እኛም ከሱቆቻቸው እንገዛለን። የጎረቤትን ቋንቋ ሳይችሉ ወደ ጎረቤት ቤት ለመዝለቅ ከፊልም የተሻለ በር እኔ እስካሁን አላገኘሁም፤ ይህ በር ደግሞ በዲሲ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ክፍያ ክፍት ነው። መመሪያውን ያዘጋጀሁት በዝግጅቶቹ ላይ ለመገኘት እያሰበ ከየት እንደሚጀምር ላልታየው ሰው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ወላጆቹን ይዞ ለመሄድ ለሚፈልግ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

1. አንድ ቦታ መርጠው ይጀምሩ

ሁሉንም ዝግጅት በአንድ ጊዜ ለማዳረስ የሞከረ ሰው ቶሎ ይደክመዋል። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወይም አራት ወራት አንድ ቦታ ብቻ ይያዙ። የእኔ ምርጫ በናሽናል ሞል ላይ የሚገኘው ብሔራዊ የእስያ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። ሙዚየሙ የስሚዝሶኒያን ተቋም አካል ሲሆን በምድር ውስጥ መተላለፊያ የተገናኙ ሁለት ሕንጻዎች አሉት፤ አንደኛው የዲትሮይቱ ባለሀብት ቻርልስ ላንግ ፍሪር ስብስቡን ለሕዝብ አበርክቶ በ1923 የተከፈተው የፍሪር ጋለሪ ነው፤ ሁለተኛው በ1987 የተከፈተው የሳክለር ጋለሪ ነው። መግቢያው ነጻ ሲሆን ከዲሴምበር 25 በስተቀር በየዕለቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ክፍት ነው። ፊልም የሚታየው በፍሪር ሕንጻ ውስጥ ባለው ሜየር በተባለው አዳራሽ ነው፤ ወደ 300 የሚጠጋ ሰው ይይዛል።

ይህን ቦታ ያስቀደምኩት ነጻ በመሆኑ ብቻ አይደለም። አንድ የጃፓን ፊልም ከማየትዎ በፊት በዚያው ሕንጻ ውስጥ የጃፓንን የተሳሉ መጋረጃዎችና የሸክላ ሥራዎች ግማሽ ሰዓት ያህል ቢመለከቱ፣ ፊልሙ ውስጥ ያለው ቤት እንግዳ አይሆንብዎትም። ከዚህም ሌላ ሙዚየሙ እስያ የሚለው ሰፊውን ክልል ነው፤ ከጃፓን ተነሥቶ በሕንድና በኢራን በኩል እስከ ዓረብ አገሮች ይደርሳል። በስብስቡ ውስጥ ዌንደል ፊሊፕስ የተባለው አሜሪካዊ በ1950 እና በ1951 በየመን ከቲምና ፍርስራሽ ቆፍሮ ያወጣቸው ዕቃዎች ይገኙበታል። በእነዚህ ላይ የተቀረጸው የደቡብ ዓረቢያ ጽሑፍ የእኛ ፊደል የወጣበት ነው፤ ልጅዎን አቁመው በ፣ ቀ እና ገ የሚሉትን ፊደላት ራሱ እንዲፈልጋቸው ቢያደርጉት እንደሚያገኛቸው እርግጠኛ ነኝ። ለእይታ የሚቀርቡት ዕቃዎች ስለሚለዋወጡ፣ የየመኑ ስብስብ በዚያን ቀን ለእይታ መቅረቡን መግቢያው ላይ ያለውን ሠራተኛ ይጠይቁ። የአትክልት ቦታውን ተሻግረው የሚያገኙት የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ደግሞ በስብስቡ ውስጥ የኢትዮጵያ ሥራዎች ስላሉት፣ ጊዜ ከተረፈዎት ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት ይቻላል።

አንዱን ቦታ ከለመዱ በኋላ ሌሎቹን ይጨምሩ። የጃፓን ኤምባሲ የመረጃና የባህል ማዕከል በ18ኛው ጎዳና፣ የኮሪያ የባህል ማዕከል ደግሞ በማሳቹሴትስ ጎዳና ይገኛሉ፤ ሁለቱም በየጊዜው የአገራቸውን ፊልም በነጻ ያሳያሉ። በትውልድ ቻይናዊ የሆነው አርክቴክት አይ ኤም ፔይ የነደፈውና በ1978 የተከፈተው የብሔራዊ የሥነ ጥበብ ጋለሪ ምሥራቃዊ ሕንጻም ነጻ የፊልም ፕሮግራም አለው። ለሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪዎች ግን ቅርቡ ኤኤፍአይ ሲልቨር ነው። ይህ ሲኒማ ቤት በ1938 የተሠራ፣ በ1984 ተዘግቶ የቆየና ታድሶ በ2003 እንደገና የተከፈተ ነው። ትኬቱ በክፍያ ቢሆንም ትልቁ አዳራሽ የቆዩ ፊልሞችን በታላቅ ሸራ ለማየት ያለው ምቾት ለክፍያው የሚገባ ነው፤ የአፍሪካ አዳዲስ ፊልሞች ፌስቲቫልም የሚካሄደው እዚሁ ነው።

2. የዓመቱን ዑደት ይወቁ

የእያንዳንዱ ዓመት ፕሮግራም በዝርዝሩ ቢለያይም ዑደቱ ብዙም አይዛነፍም። በብርዱ ወራት፣ በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ፣ የኢራን ፊልሞች በብዛት ይቀርባሉ። በዚያው ሰሞን የጨረቃ አቆጣጠር አዲስ ዓመት ይውላል፤ ቀኑ በጃንዋሪ 21 እና በፌብሩዋሪ 20 መካከል ስለሚዘዋወር በየዓመቱ መፈተሽ ያስፈልጋል። በማርች 20 ገደማ የኢራናውያንና የጎረቤቶቻቸው አዲስ ዓመት የሆነው ኖሩዝ ይከበራል፤ ወዲያው የቼሪ አበባ በዓል ይከተላል። ሜይ በሕግ የእስያና የፓሲፊክ ተወላጆች ቅርስ ወር ሆኖ የተሰየመ ሲሆን፣ ወሩ የተመረጠው የመጀመሪያው ጃፓናዊ ስደተኛ አሜሪካ የገባው በሜይ 1843 በመሆኑና ቻይናውያን ሠራተኞች በብዛት የደከሙበት አህጉር አቋራጭ የባቡር ሐዲድ የተጠናቀቀው በሜይ 10 ቀን 1869 በመሆኑ ነው። በዚሁ ወር የበርካታ አገሮች ኤምባሲዎች በአንድ ቅዳሜ በራቸውን ለሕዝብ ይከፍታሉ። በጁላይና በኦገስት የሆንግ ኮንግ ፊልሞች ፌስቲቫል ለብዙ ዓመታት የፍሪር አዳራሽ መለያ ሆኖ ቆይቷል፤ በሙቀቱ ወቅት አየሩ በቀዘቀዘ አዳራሽ ተቀምጦ ፊልም ማየት ከልጆች ጋር ላለ ቤተሰብ ትልቅ ዕረፍት ነው።

ይህን ዑደት ካወቁ በኋላ የየተቋማቱን የኢሜይል መልእክት ይመዝገቡ፤ ከዚያም በወር አንድ ፊልምና በሁለት ወር አንድ የአደባባይ በዓል ብቻ ይምረጡ። ይህ ለአንድ ሠራተኛ ቤተሰብ ሳይጨናነቅ የሚፈጸም ልክ ነው።

3. ምዝገባውንና ሰዓቱን በጥንቃቄ ይያዙ

ነጻ ዝግጅት ማለት መቀመጫው በስምዎ ተጠብቆ ይቆያል ማለት አይደለም። ከተመዘገበው ሰው ብዙው እንደሚቀር አዘጋጆቹ ስለሚያውቁ ከመቀመጫው ቁጥር በላይ መዝግበው፣ በር ላይ ግን ቀድሞ የደረሰውን ያስቀድማሉ። በአንድ ወቅት ለአራት ሰው ተመዝግቤ አምስት ደቂቃ ዘግይቼ ስደርስ፣ የእኛ ቦታ በር ላይ ተሰልፈው ይጠብቁ ለነበሩት ተሰጥቶ ነበር፤ ሁለት ልጆች ይዤ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ አርባ ደቂቃ ቀድሜ ሳልደርስ ቀርቼ አላውቅም፤ ለእርስዎም የምመክረው ይህንኑ ነው። መሄድ ካልቻሉ ምዝገባዎን ይሰርዙ፤ አንድ ሰው በእርስዎ ምክንያት ከበር መመለስ የለበትም።

የሰዓት ነገር ለእኛ ብቻ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለዘመድ መልእክት ሲልኩ የአገር ቤቱን አቆጣጠር ወይም የአሜሪካውን መጠቀምዎን በግልጽ ይጻፉ። አክስቴ አሜሪካ በመጣች በሁለተኛ ወሯ «ቅዳሜ በ7 ሰዓት» ብዬ የላክሁላትን መልእክት በለመደችው አቆጣጠር አንብባ፣ ምሽት 1 ሰዓት ለሚጀምር ፊልም ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ለብሳና ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ፤ ስድስት ሰዓት ሙሉ። አሁን ሁልጊዜ የምጽፈው «ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት፣ በአሜሪካ 2 ሰዓት» ብዬ ሁለቱንም ነው።

4. ከፊልሙ በፊት አብሮዎት የሚሄደውን ሰው ያዘጋጁ

የሥራው ዋናው ክፍል ይህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው። ፊልሞቹ የሚታዩት በገዛ ቋንቋቸው ሆነው ከግርጌ በእንግሊዝኛ ሰብታይትል፣ ማለትም የንግግሩ ትርጉም እየተጻፈ ነው። እንግሊዝኛ አጥርቶ የሚያነብ ሰው በሁለተኛው ፊልም ይለምደዋል፤ ለማንበብ የሚቸገሩ ወላጆች ግን ሁለት ሰዓት ዝም ብለው መቀመጥ የለባቸውም። በመሆኑም ለመጀመሪያ ጊዜ ንግግር የማይበዛበት፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል እምብዛም የማያልፍና ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ሠርግ፣ ስለ ገበሬ ወይም ስለ ልጆች የሚተርክ ፊልም ይምረጡ። የወንጀል ምርመራና የችሎት ክርክር ያለበትን ለኋላ ያቆዩት።

ከዚያ ታሪኩን እስከ አጋማሹ ድረስ አስቀድመው ይንገሯቸው። ተረት ሰምቶ ያደገ ሰው ታሪኩን አስቀድሞ ማወቁ ደስታውን አይቀንስበትም፤ ለፍጻሜው ግን መጓጓት ስላለበት መጨረሻውን አይንገሯቸው። ቀጥሎ ትንሽ ካርድ ይውሰዱና የአራት ወይም የአምስት ገጸ ባሕርያትን ስም በአማርኛ፣ ከጎኑም ዝምድናውን «የልጇ ሚስት»፣ «ታላቅ ወንድሙ» እያሉ በትልቁ ይጻፉ። በቻይና፣ በኮሪያ፣ በጃፓንና በቬትናም የቤተሰብ ስም ከግል ስም እንደሚቀድም ያስረዷቸው፤ ይህ ካልተነገራቸው ወንድማማቾቹን አንድ ሰው ያደርጓቸዋል።

እኛ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪው ተመልካች የምንበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ ይህን ሳይጠቀሙበት አይለፉ። ሰብታይትሉ ሁሉንም ሰው «ዩ» እያለ ያልፈዋል፤ በብዙዎቹ ፊልሞች ዋና ቋንቋ ግን እንደኛው የአንተና የእርስዎ ልዩነት አለ። ኮሪያዊቷ ታላቅ ወንድሟን «ኦፓ»፣ ታላቅ እህቷን «ኡንኒ» ብላ ትጠራለች እንጂ በስማቸው አትጠራቸውም፤ ቬትናማውያን ደግሞ «እኔ» እና «አንተ» የሚሉትን ቃላት ራሳቸውን ታላቅ ወንድም፣ ታናሽ፣ አክስት ወይም አጎት በሚሉ የዝምድና ስሞች ይተኳቸዋል። ጋሼና እትዬ እያለ ያደገ ተመልካች ይህን በጆሮው ይይዘዋል። አንድ ሰው ባነጋጋሪው ላይ ሲቆጣ አክብሮቱን ጥሎ አንተ ማለት ከጀመረ፣ ትርጉሙ ባይነግረንም እኛ እንሰማዋለን። ስለዚህ ወላጆችዎ ሰብታይትሉን ትተው ድምፁን እንዲከተሉ ይንገሯቸው።

በአዳራሹ ውስጥ ሆነው በሹክሹክታ መተርጎም ግን ፈጽሞ አይገባም። አጠገብ የተቀመጠው ሰው ፊልሙን በጸጥታ የማየት መብት አለው።

5. መንገዱን ያቅዱ

ወደ ናሽናል ሞል በመኪና መሄድ የማቆሚያ ቦታ ፍለጋ ጊዜ ስለሚበላ ሜትሮው ይሻላል። ከሲልቨር ስፕሪንግ በቀዩ መስመር እስከ ሜትሮ ሴንተር ይሂዱ፤ ከዚያ በሰማያዊው፣ በብርቱካናማው ወይም በብርማው መስመር ሁለተኛው ጣቢያ ስሚዝሶኒያን ላይ ወርደው ወደ ሞሉ በሚያወጣው መውጫ ይውጡ። ከአሌክሳንድሪያ ሰማያዊው መስመር ሳይቀየር ያደርሳል። ለጃፓኑ ማዕከል ፋራገት ኖርዝ፣ ለኮሪያው ዱፖንት ሰርክል ይወርዳሉ፤ ከዱፖንት ግን ሩብ ሰዓት ያህል የእግር መንገድ ስላለ አረጋውያንን ከያዙ ታክሲ ይሻላል። በሙዚየሙ መግቢያ ቦርሳ ይፈተሻል፤ ምግብና መጠጥ ወደ አዳራሹ አይገባም። ሕጻናትን አስቀድመው ያብሉ፣ ሹራብም ይያዙላቸው።

6. የአደባባይ በዓላትን ከፊልሙ ጋር ያገናኙ

የቼሪ አበባው ታሪክ ለልጆች ቢነገር ይጠቅማል። ጃፓን በ1910 የላከቻቸው 2,000 ችግኞች ነፍሳትና በሽታ ስለተገኘባቸው ተቃጠሉ፤ የቶክዮ ከንቲባ ዩኪዮ ኦዛኪ ግን ሳይቀየሙ በ1912 ሌሎች 3,020 ችግኞች እንዲላኩ አደረጉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዛፎች በማርች 27 ቀን 1912 የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ሄለን ታፍትና የጃፓኑ አምባሳደር ባለቤት ታይዳል ቤዝን በተባለው የውሃ ማጠራቀሚያ ዳርቻ ተከሉ። የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት አበባው ደመቀ የሚለው ከዮሺኖ ዛፎች አበባ 70 በመቶው ሲፈነዳ ነው፤ ይህም በማርች መጨረሻና በኤፕሪል መጀመሪያ አካባቢ ይውላል። ቅዳሜና እሑድ ሕዝቡ ስለሚጠቀጠቅ ከቻሉ በሥራ ቀን ከማለዳው 1 ሰዓት ላይ ይድረሱ፤ ብርሃኑም በዚያን ጊዜ ያምራል። ቅርንጫፍ መያዝና አበባ መቅጠፍ ክልክል መሆኑን ልጆች ከቤት ሳይወጡ ይወቁት።

ለጨረቃው አዲስ ዓመት በ1986 የተሠራው ትልቅ ቅስት ያለበት ቻይና ታውን ሰልፍና የአንበሳ ጭፈራ ያዘጋጃል። የሰፈሩ ነባር ነዋሪዎች ግን ዛሬ ጥቂት ስለሆኑ፣ የገበያና የቤተሰብ ግርግር ያለበትን በዓል ማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ፎልስ ቸርች ቢሄድ እመርጣለሁ። እዚያ ያለው ኤደን ሴንተር በ1984 የተመሠረተ የቬትናማውያን የገበያ ማዕከል ነው፤ የሰዓት ማማው በሳይጎን የቤን ታን ገበያ አምሳል የተሠራ ሲሆን፣ በአደባባዩ ላይ እስከ ዛሬ የሚውለበለበው የቀድሞዋ ደቡብ ቬትናም ባንዲራ ነው። አገሩን ጥሎ የተሰደደ ሰው ባንዲራውን ይዞ ሲኖር ማየት ለእኛም የሚነግረን ነገር ስላለ፣ ከባንዲራው ሥር ጥቂት ቆም ይበሉ።

አበባው የሚፈካው አብዛኛውን ጊዜ በዐቢይ ጾም ውስጥ ነው። በቬትናም ምግብ ቤት አትክልት ብቻ የሚመስለው ምግብ የዓሣ መረቅ ወይም የአጥንት ሾርባ ሊኖረው ስለሚችል «ቻይ» መሆኑን ይጠይቁ፤ ቃሉ በቋንቋቸው የጾም ምግብ ማለት ነው። ብዙ ቡድሂስቶች በጨረቃ ወር መጀመሪያና አጋማሽ ቀናት ከሥጋ ስለሚቆጠቡ፣ ስለ ጾም ለሚጠይቅ ሰው ረጅም ማብራሪያ ማቅረብ አያስፈልግዎትም፤ ያውቁታል።

የኮሪያ ፊልም በሚያዩበት ቀን ደግሞ አስቀድመው በሊንከን መታሰቢያ አጠገብ ወደሚገኘው የኮሪያ ጦርነት ዘማቾች መታሰቢያ ይሂዱ። በ1995 የተመረቀው ይህ መታሰቢያ በሰሜን በኩል ባለው መተላለፊያ ጠርዝ ላይ ጦርና እርዳታ የላኩት የ22 አገሮች ስም ተቀርጾበታል፤ ኢትዮጵያም አለች። በ1951 ኮሪያ የደረሰው የቃኘው ሻለቃ ታሪክ በብዙ ቤት ውስጥ በአያት ስም ይነገራል። ልጁ ድንጋዩ ላይ ያለውን ስም በጣቱ ነክቶ ከመጣ፣ ስክሪኑ ላይ የሚያየው አገር ሌላ ይሆንበታል።

7. ከፊልሙ በኋላ ወዲያው አይበተኑ

ብርሃኑ እንደበራ አይነሡ። ዳይሬክተር ወይም መምህር ጥያቄ የሚቀበልበት ዝግጅት ከሆነ ይቆዩ፤ ጥያቄዎንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ያቅርቡ። ከዚያ ቡና ወዳለበት ይሂዱ፤ ፊልሙን ያዩት ሲልቨር ስፕሪንግ ከሆነ ደግሞ ከአገር ቤት ቡና ብዙም አይርቁም። ወሬውን ሲጀምሩ ለሁሉም ከመናገርዎ በፊት ሰብታይትሉን ያላነበቡትን ይጠይቋቸው። ከአክስቴ ጋር አንድ የኮሪያ ፊልም አይተን ስንወጣ እኔ የማስበው ስለ ታሪኩ ነበር፤ እሷ ግን ወጣቷ ለአማቷ ስትቀዳ ቀኝ ክንዷን በግራ እጇ እንደደገፈች አይታ፣ «እጇን አየህ? ልክ እንደኛ ነው እኮ የምትቀዳው» አለችኝ። እኔ በዚያች ቅጽበት ዓይኔ ጽሑፉ ላይ ነበር።

የተነገረውን በካርዱ ጀርባ ይጻፉት፤ ካርዶቹንም በአንድ ፖስታ ያስቀምጧቸው። የሚቀጥለውን ፊልም ቀን ከመለያየትዎ በፊት ይወስኑ፣ እዚያው ተቀምጠው በስልክዎ ይመዝገቡ፤ ለወላጆችዎም ቀኑን በሁለቱም ዘመን አቆጣጠር፣ ሰዓቱንም በሁለቱም አቆጣጠር ጽፈው ማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጥፉላቸው።